የሦስቱ ማሰሮዎች ምርጫ

ስብሰባ ላይ ከኋላ መቀመጥ እወዳለሁ። ፊት ለፊቴ ምሰሶ ካለ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ዳኛው አርጅተው በቃኝ ስላሉ ሌላ ዳኛ ምረጡ ተባለ። እኔ ወዲያው ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አየኝ። «ጋሼ፣ ጫማዎ ክር የለውም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ላስቲክ ጫማ ነው ያደረግኩት። ቢሆንም ሌላ ሰው እስኪመረጥ ድረስ ማሰሬን አላቋረጥኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቀኝ። መመረጥን እንዲህ የሚፈራ ሰው አይቶ አያውቅም። ምን ሆኜ ነው? ምን ልበለው? መንገድ ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም። እናንተ ግን ተቀምጣችኋልና ልንገራችሁ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለምርጫ ቀርቤ አውቃለሁ። በጣሊያን ጊዜ ነው፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ። የዚያን ጊዜ ብርድ እስከ ዛሬ ከጀርባዬ አልወጣም።

ጣሊያን ያኔ ከተማውን ይዟል። ከተማውን ብቻ። ከአጥሩ ትንሽ ወጣ ካሉ አገሩ የአርበኞች ነው። እኛ በመካከል ነበርን። ከተማ ውስጥ ለአንዱ እጅ እንነሣለን፤ እንጨት ለቀማ ስንወጣ ለሌላው። ከመጎንበስ ብዛት ወገባችን ተቆርጦ ነበር ብላችሁ እመኑኝ።

አንድ አዲስ ካፒቴን መጣ። ቀጭን፣ መላጣ፣ ሁልጊዜ ሆዱን የሚቆርጠው የሚመስል ሰው። ከሱ በፊት የነበረው ሰው ማንጠልጠል ይወድ ነበር። ይሄኛው መምከር ይወዳል። የትኛው እንደሚሻል ሰፈር ውስጥ እንከራከር ነበር። አንድ ቀን አባወራውን ሁሉ ከትልቁ ወይራ ሥር ሰበሰበና በአስተርጓሚ ምክር ጀመረ። ከሰፈራችን ሥር ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ የናንተ ነው አለን። ድንጋዩ የናንተ፣ እንጨቱ የናንተ፣ ጉልበቱም የናንተ። የሱ የሚሆነው ድልድዩ ላይ በሚቸነከረው ሳንቃ የሚጻፈው ስም ብቻ ነው። መዋጮውን የሚሰበስብ የሰፈር ሹም ያስፈልጋል፤ እሱንም እናንተው ትመርጣላችሁ አለ። በሠለጠነ አገር ሕዝብ ሹሙን የሚያገኘው እንዲህ ነው አለን። እሱ አገር ምርጫ የሚባል ነገር ከቀረ መቆየቱን የሰማነው ኋላ ነው።

ድልድዩ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እግዜር ይመስክርብኝ፣ ያስፈልግ ነበር። ክረምት ሲገባ ያ ወንዝ ከቤተ ክርስቲያናችን ይለየናል። ካፒቴኑ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት የአንዲት አሮጊት አስከሬን ወንዙ እስኪጎድል ሲጠበቅ ሁለት ቀን ወዲህ ማዶ ቆይቷል። ነገሩ ሌላ ነው። ምረጡ ይበለን እንጂ የሚመረጡትን ሰዎች እሱ መርጦ ጨርሷል። ሦስት ነን። አንደኛው ግራዝማች ደስታ፤ የጥንት ወታደር ናቸው፣ ሰው ያከብራቸዋል። ሁለተኛው መሪጌታ ጥበቡ፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሰው ይሰማቸዋል። ሦስተኛው እኔ። እኔን ደግሞ ምን አድርጌ ነው? ለአንድ ጎረቤት ማመልከቻ ጽፌ ነበር። ካፒቴኑ ጽሕፈቱን አይቶ ወደደው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳለች። አያችሁ፣ ፊደል የሚያመጣውን ጣጣ?

በሦስተኛው ቀን ከዱር መልእክት መጣ። አጭር ነው። «ከጣሊያን ሹመት የተቀበለውን ሰው እንጠይቀዋለን» ይላል። አርበኞች ሰው የሚጠይቁት ለጤናው አልነበረም። አልሾምም ብንል ደግሞ የካፒቴኑ ወኅኒ አለ። ስለዚህ መዳኛው አንድ ነው። ለምርጫ መቅረብና መሸነፍ።

እንግዲህ እንደዚያ ያለ ቅስቀሳ በየት አገር ታይቷል? ሦስታችንም ቤት ለቤት እንዞራለን። አንዱ ሌላውን ያመሰግናል። ግራዝማች በአንድ ሌሊት ደንቁረው አደሩ። የሚያናግራቸው ሰው ሁለት ሦስቴ ይጮኻል። እሳቸው ደግሞ መልሰው፣ «እኔማ አልሰማም፣ ያንን ልጅ ምረጡ! ብዕሩ እንደ አልቤን ጠመንጃ ነው፣ አይስትም!» ይላሉ። እኔን መሆኑ ነው። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው የግራዝማችን ጀግንነት ያወራሉ። አስተማሪዬ ናቸው፤ ሰውን እንዲህ ሲያመሰግኑ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እኔም ቤት ለቤት ዞሬ የመሪጌታን ዕውቀት ተናገርኩ። እሳቸው ከሌሉ ፀሐይ እንደማትወጣ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

መንገድ ላይ ከግራዝማች ጋር ተገናኘን። ጆሮዬ ላይ ተጠግተው፣ «በጊዮርጊስ እምልልሃለሁ፣ አንተን አልመርጥህም» አሉኝ። እኔም በሹክሹክታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም እርስዎን አልመርጥም» አልኳቸው። ሰሙኝ። ደንቆሮው ሰሙኝና አመሰገኑኝ።

ጠጅ ቤት የነበራቸው እትዬ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ስለሞቱ እንደ አባወራ ይቆጠራሉ፣ ይመርጣሉ። ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ እባክዎን እኔን እንዳይመርጡኝ።»

«ለምን? ሌባ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሰነፍ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም!»

«ታዲያ ምን ብዬ ልተውህ?»

«ፈሪ ነኝ» አልኳቸው።

«እሱንማ ማን ያጣዋል» አሉና ጌሾአቸውን መውቀጥ ቀጠሉ። አዎም እምቢም አላሉኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ያስፈራኛል።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ከወይራው ሥር ጠረጴዛ ወጥቶ ሦስት ማሰሮ ተደርድሯል። በግራ የግራዝማች፣ በመካከል የመሪጌታ፣ በቀኝ የኔ። አፋቸው በጨርቅ ተሸፍኖ እጅ ማስገቢያ ተቀዷል። አጠገባቸው የጠጠር ክምር አለ። አስተርጓሚው አስረዳ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠጠር ያነሣል፤ ለሚፈልገው ሰው ማሰሮ ውስጥ ይጥላል፤ ማን ለማን እንደጣለ ማንም አያውቅም።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«ጠጠሩ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም አባቴ። ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

«ባለቤቱ ያልታወቀ ጠጠር ታዲያ ምን ይመሰክራል? ጠጠር አይደለም እንዴ?»

አስተርጓሚው ይህን ለካፒቴኑ አልተረጎመም። ቢተረጉመው ይሻል ነበር።

እኛ ዕጣ እናውቃለና። ቅርጫ ስንካፈል፣ የእርሻ መሬት ስንደለድል፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ምልክት እንጥላለን። አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የቀንድ ስባሪ። ሰው ዕጣውን አይለዋውጥም። አባቱ ስንጥር ይጥል ከነበረ እሱም ስንጥር ነው። ዕጣ ባለቤት አለው፤ ከመንገድ የተለቀመ ጠጠር ግን የማንም ነው። ስለዚህ ሰዉ ምን አደረገ? ተሰለፈ። ለካፒቴኑ አክብሮት ሲል ከክምሩ ጠጠር አነሣ። ጠጠሩን ቀስ ብሎ ከእግሩ ሥር ጣለና ከጉያው የራሱን ዕጣ አውጥቶ ማሰሮው ውስጥ ከተተ። ማንም ማንንም አላማከረም። አርባ የሚያህል አባወራ ሁሉ እንደዚያው አደረገ። እኔስ? ተምሬያለሁ የምለውስ? ጠጠሩን ጣልኩና የመቃ ብዕሬን ስባሪ ለመሪጌታ አስገባሁ።

ካፒቴኑ ደስ ብሎት መጣ። የኔን ማሰሮ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ጠጠር ሲጠብቅ የሰፈራችን ጓዝ ወረደበት። የሸማኔ ቀሰም፣ የጧፍ ቁራጭ፣ የቀንድ ስባሪ፣ የበቅሎ ልጓም ቀለበት፣ የጌሾ እንጨት። የመሪጌታንም ገለበጠ፣ የግራዝማችንም ገለበጠ። ያው ነው። እሱ ግራ ተጋባ። እኛ ግን ማንበብ ጀመርን። ያ ቀሰም የሰፈራችን ሸማኔ የጣለው ነው፤ ጠዋት አልመርጥህም ብሎ ምሎልኛል። ያ የጧፍ ቁራጭ ደግሞ… ጧፉን እንደዚያ በክር አሥሮ የሚቆርጥ አንድ ሰው ነው። ቀና ብዬ መሪጌታን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ከራሳቸው ማሰሮ ከወጣው መካከል የመቃ ስባሪ አንሥተው አፉን ይመለከታሉ። «አቆራረጡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሁለታችንም ሰማዩን አየን። ዝናብ ይመጣ ይሆን እንደሚል ሰው።

ከሁሉ የሞላው የኔ ነበር። ይሄ ግን ገና መጀመሪያው ነው። ካፒቴኑ ማሰሮዬን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያራግፈው አንድ ነገር ቃጭሎ ወደቀና ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ቀለህ ነው። የጥይት ቀለህ።

ያን ጊዜ ጥይት የተገኘበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የማን እንደሆነም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ግራዝማች ደስታ ቅርጫ ላይ ቀለህ ሲጥሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸው ነው የጣለው፤ ራሳቸው አላሰቡበትም። አሁን ፊታቸው አመድ መስሏል። በጊዮርጊስ የማሉልኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው።

ካፒቴኑ ብልህ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያንሣ አለ፤ የቀረው ቀለህ የማን እንደሆነ ይገለጻል። መጀመሪያ ሸማኔውን ጠሩት።

«ይህ ቀሰም ያንተ ነው?»

«አላውቀውም ጌታዬ።»

«አንተ ሸማኔ አይደለህም?»

«ሸማኔ ነኝ። ይህን ቀሰም ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ሁለተኛው ቀረበ፤ አላውቅም። ሦስተኛው፤ አላውቅም። ጠረጴዛው በድምፅ ተሞልቷል፣ ድምፅ የሰጠ ሰው ግን የለም። ዛሬ ሲወራ፣ ግራዝማችን ለማዳን ተባብረን ነው ይባላል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ማንም ለማንም ብሎ አይደለም የካደው። ሁሉም ለራሱ አንገት ነው።

ከዚያ ካፒቴኑ ወደኔ ዞረ። «ማሰሮው ያንተ ነው። አንተ ተመርጠሃል። የመጀመሪያው ሥራህ የዚህን ቀለህ ባለቤት መንገር ነው» አለኝ። እንግዲህ አስቡት። ብናገር ግራዝማችን ገደልኩ፤ አርበኞችም እኔን ይጨርሱኛል። ዝም ብል ካፒቴኑ አለ። ጎንበስ ብዬ ከእግሬ እሾህ መንቀል ጀመርኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ እግሬ ላይ እሾህ አልነበረም።

«የኔ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

እትዬ የሻረግ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደፊት መጡ።

«ቀለሁ የኔ ነው። ወታደሮችህ ጠጅ ሊጠጡ ሲመጡ እየጣሉት ይሄዳሉ። ለገንቦዬ መወተፊያ አደርገዋለሁ። ቤቴ አንድ ቁና ሙሉ አለ። ላምጣልህ?»

ወታደሮች ሰው ቤት ገብተው እንዳይጠጡ ካፒቴኑ ራሱ ነው የከለከለው። ከኋላው የቆሙት ወታደሮች ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አስተርጓሚውም ያው ደንበኛ ነበርና ቶሎ ቶሎ ተረጎመው። ካፒቴኑ መላጣው ድረስ ቀላ። አንድ ቁና ቀለህ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቢመጣ የሚዋረደው ማን ነው? ቀለሁን አንሥቶ ለእትዬ የሻረግ መለሰላቸውና ወደኛ ዞረ።

«ከዚህ ሁሉ ወንድ መካከል የሰጠሁት ድምፅ የኔ ነው ያለች አንዲት ሴት ናት። እንግዲያው ሹማችሁ እሷ ትሁን። ሴት ትግዛችሁ!»

ሊያዋርደን ነው የፈለገው። አርባ ወንድ ሲዋረድ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ግራዝማች ወይራውን ተደግፈው አለቀሱ። መሪጌታ አማተቡ። እኔ ለሚስቴ ልነግራት ወደ ቤቴ መሮጥ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ያንን ሰው ስጠኝ» አሉት ካፒቴኑን እትዬ የሻረግ። ጣታቸው እኔ ላይ ነው። «ቤት ለቤት የሚዞርልኝ እፈልጋለሁ። እሱ ለመስረቅ ልብ የለውም።»

እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ሳልመረጥ ተሾምኩ። ክብሩ የሳቸው፣ መዞሩ የኔ።

ስም ጻፍ የሚሉኝ መስሎኝ ብዕሬን ደብቄ ነበር። በእጄ የተጻፈ ወረቀት ከተገኘ በሁለቱም ወገን ያልቅልኛላ። እሳቸው ግን ወረቀት አልፈለጉም። ያን ሁሉ የተካደ ዕጣ ለቃቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወስደው ነበር። ሰሌን ላይ ዘረገፉትና አንድ በአንድ የማን እንደሆነ ነገሩኝ። አንድም አልሳቱም። ከዚያ ለየባለቤቱ እንዳደርስ ላኩኝ። ሰው ድምፅ ይሰበስባል እንጂ ድምፅ ቤት ለቤት ሲመልስ ያያችሁት አለ? እኔ መልሻለሁ።

መጀመሪያ ሸማኔው ቤት ሄድኩ። «እትዬ የሻረግ ዕጣህን ልከውልሃል። መዋጮህ ደግሞ ሁለት ግንድና አሥር ሸክም ድንጋይ ነው» አልኩት።

«ነግሬያችኋለሁ፣ አላውቀውም!»

እትዬ ያስተማሩኝን ቃል ተናገርኩ። «እንግዲያው ለካፒቴኑ ልመልሰው?»

«ቆይ እስቲ… በጎኑ ሲያዩትስ የኔ ይመስላል» አለ።

መሪጌታ ጧፋቸውን ከእጄ ሲቀበሉ፣ «ልጄ፣ እኔ አንተን የመረጥኩህ ስለማምንህ ነው» አሉኝ። «እኔም እርስዎን ስለማምንዎት ነው» አልኳቸው። ተሳስመን ተለያየን። ድንጋያቸው በማግሥቱ ደረሰ። ግራዝማች ቀለሁ ሳይመለስላቸው ከሁሉ የረዘመውን ግንድ አመጡ። ጆሯቸውም ተከፈተ።

አንድ የገበያ ቀን እትዬ ቤት ተቀምጬ ሳለ የማላውቀው ሰው ገባ። ጋቢው ውስጥ የሚከብድ ነገር አለ። «ሹሟን ልጠይቅ ተልኬ ነው» አለ። እኔ ከጠጅ ጋኑ ኋላ ነበርኩ። መቼ እንደሄድኩ ግን አላውቅም። እትዬ የሻረግ ሰውየውን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ የወይዘሮ ተዋበች ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ባለፈው ክረምት ወንዝ ዳር ሁለት ቀን የዋለችው እናትህ አይደለች? ዝናብ ሲመታት ጅባ ያለበስኳት እኔ ነኝ። አንተ ዱር ነበርክ። እንግዲህ ለላኩህ ንገር። ድልድዩን አፍርሱት ካላችሁ አፈርሰዋለሁ። ለሚቀጥለው አስከሬን ግን የሚያሻግር ሰው ላኩልኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ወጣ። በሳምንቱ ከማናውቀው ሰው አራት የጥድ ግንድ ወንዙ ዳር ተጥሎ አገኘን።

ድልድዩ ተሠራ። ካፒቴኑ ስሙ ያለበትን ሳንቃ አስቸነከረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ሳንቃውን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ሸማኔው ቤት አዲስ በር ተሠርቶ ነበር፤ እኔ ግን ማንንም አልጠረጥርም።

ጊዜው ደርሶ ጣሊያን ወጣ። አርበኞች በዚያው ድልድይ ላይ እየፎከሩ ገቡ። አለቃቸው ከወይራው ሥር ተቀመጡና ሕዝቡን ሰበሰቡ።

«በጠላት ጊዜ እዚህ ሰፈር ሹም የነበረው ማን ነው?» አሉ።

ከመካከላችን አንዱ፣ «እትዬ የሻረግ ናቸው» አለ። ሸማኔው፣ «እኛ አልመረጥናቸውም ጌታዬ፣ ራሳቸው ተነሥተው ነው» ብሎ ጨመረበት። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እኔም ትንሽ ነቀነቅኩ መሰለኝ። እትዬ የሻረግ ከፊት ቆመዋል፤ ወደኋላ ዞረው አላዩንም።

አለቃው ወደ ወንዙ ተመለከቱ።

«መልካም ሴት ናት» አሉ። «ቁስለኞቻችንን ሁለት ክረምት ያሻገርነው በዚያ ድልድይ ነው። እግዜር ይስጣት። ለመሆኑ እንዲህ ያለችውን ሰው ማን መረጣት?»

«እኛ!» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ። «እኛ ነን የመረጥናቸው!» ሸማኔው ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

አሁን ዞሩ እትዬ የሻረግ። እያንዳንዳችንን አንድ በአንድ አዩን።

«የኔ ማሰሮ የቱ ነበር?» አሉ።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «በግራ በኩል የነበረው» አሉ።

መሪጌታ፣ «የመካከለኛው ነው እንጂ» አሉ።

እኔም ዝም አላልኩም። የቀኙ ነው አልኩ፣ የራሴን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።